ከቦይ የተመለሰው አጓት

በአገራችን አጓትን የማያውቅ የገበሬ ቤት የለም። አሬራው በለዘብተኛ እሳት ተጥዶ አይቡ ከረጋና ከተጠለለ በኋላ የሚቀረው ቢጫማ ውኃ ለጥጃ ይሰጣል፤ ጥጃ ከሌለ ለውሻ። ወድዶ የሚጠጣውም ሰው አለ። በጓዳ ውስጥ ያለ ሁለት ሦስት ሊትር አጓት ማንንም አያስቸግርም። ችግር የመጣው ወተቱ ከጓዳ ወጥቶ ፋብሪካ በገባ ጊዜ ነው። ከ10 ሊትር ወተት 1 ኪሎ ያህል ጠንካራ አይብ ሲገኝ፣ 9 ሊትር ያህሉ አጓት ሆኖ ይቀራል። በቀን 10 ሺህ ሊትር ወተት የሚቀበል አይብ ቤት 9 ሺህ ሊትር ያህል አጓት የሚያደርስበት ያጣል ማለት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ለረጅም ዘመን ብዙው መድረሻው ወንዝ ነበር።

ነገሩን ለመረዳት ግን ከአጓቱ በፊት ከዴንማርክ ገበሬዎች መነሣት ይሻላል። ስዊድናዊው ጉስታፍ ደ ላቫል እ.ኤ.አ. በ1878 እየተሽከረከረ ክሬሙን ከወተቱ የሚለይ መሣሪያ ሠራ። ከ4 ዓመት በኋላ በምዕራብ ዴንማርክ በዬዲንግ መንደር የተሰባሰቡ ገበሬዎች የአገሪቱን የመጀመሪያ የኅብረት ሥራ ወተት ቤት ከፈቱ። ቅቤው ተሽጦ ገንዘቡ ባስገቡት ወተት ልክ ይከፋፈላል። ቅባቱ የወጣለት ወተትስ? የወተቱ ፕሮቲን ከሞላ ጎደል ያለው በእርሱ ውስጥ ነው። በእነዚህ ወተት ቤቶች ይኸው ተረፈ ምርት ለአባላቱ ይመለስ ነበር፤ ወተት ያመጣው ጋሪ ባዶውን ወደ ቤት አይሄድም። ገበሬዎቹም አሳማ ቀለቡበት። እ.ኤ.አ. በ1887 ጀርመን የዴንማርክን የቁም አሳማ እንዳይገባ ስታግድ፣ በዚያው ዓመት በሆርሰንስ ከተማ ሥጋውን አዘጋጅቶ ለእንግሊዝ ገበያ የሚልክ የኅብረት ሥራ ፋብሪካ አቋቋሙ። (የአሳማው ነገር የማይጥመው አንባቢ በጥጃ ተክቶ ቢያነበው ሒሳቡ አይለወጥም።)

አጓት ከዚህ ይለያል፤ እጅግ የቀጠነ ነው። በ1 ሊትር ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከ6 እስከ 8 ግራም ቢሆን ነው፤ ከ45 ግራም በላይ ደግሞ የወተት ስኳር አለው። ይሁን እንጂ የወተቱ ፕሮቲን 5ኛው እጅ ያህሉ የሚሄደው ከእርሱ ጋር ነው። ወንዝ ውስጥ ሲደፋ ረቂቅ ተሕዋስያን ስኳሩንና ፕሮቲኑን እየበሉ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣውም ታፍኖ ይሞታል። በዚህ መለኪያ አጓት ከተራ የቤት ፍሳሽ ከ100 እጥፍ በላይ ይከብዳል። ነጭ ሆኖ መታየቱ ነው ብዙዎችን ያዘናጋው።

ጣሊያኖች አጓቱን መልሰው በማፍላት ሪኮታ የሚባለውን አይብ ከጥንት ጀምሮ ሲያወጡበት ኖረዋል። በአይብ ማርጊያው የማይረጋው የአጓት ፕሮቲን በብርቱ ሙቀት ይረጋልና። ነገር ግን በሙቀት የረጋ ፕሮቲን ተመልሶ በውኃ አይሟሟም፤ ስለዚህ ለሕፃናት ወተትም ሆነ ለመጠጥ አይመችም። አጓቱን እንዳለ ማድረቅም ተሞክሯል፤ የሚገኘው ዱቄት ግን አብዛኛው ስኳርና ጨው ነው።

መፍትሔው የመጣው ካልተጠበቀ አቅጣጫ ነው። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲድኒ ሎብና ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ ጨውን ከባሕር ውኃ የሚለይ ስስ ማጣሪያ ሠሩ። ሐሳባቸው የመጠጥ ውኃ እንጂ ወተት አልነበረም። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የዚህ ዓይነት፣ ቀዳዳው ግን ሰፋ ያለ ማጣሪያ ለአጓት ዋለ። አጓቱ በግፊት ሲያልፍበት ውኃው፣ ስኳሩና ጨው ይሾልካሉ፤ ትልቁ ፕሮቲን ይቀራል። እሳት ስላልነካው አይበላሽም። እንዲህ ተደርጎ ከመቶ 80 እጅ፣ ከዚያም በላይ ፕሮቲን የሆነ ዱቄት ይመረታል፤ ዛሬም የሕፃናት ወተት የሚያዘጋጁና ለስፖርተኞች የሚያቀርቡ ፋብሪካዎች ይገዙታል።

የሾለከው ስኳር ግን አሁንም ፍሳሽ ነው። በዚህ ረገድ የአየርላንዱን ካርበሪ ማንሣት ተገቢ ነው። በኮርክ አውራጃ በባሊኒን ያለው ይህ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም 4 የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነበሩበት፤ ዛሬ ባለቤቶቹ እነርሱው ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የአጓቱን ስኳር በእርሾ አብላልቶ አልኮል ያወጣል። አይብ፣ የፕሮቲን ዱቄት፣ አልኮል፤ ሁሉም ከአንድ ጣሳ ወተት።

እንዲህ ያለው ማጣሪያ ብዙ ወተት፣ የማያቋርጥ መብራትና ትልቅ ካፒታል ስለሚጠይቅ ነገ ተነሥተን እንትከል የሚል ሐሳብ የለኝም። የእኛ የአጓት ወቅት የታወቀ ነው። በዐቢይ ጾም ወተት ገዢ ሲያጣ ቅቤና አይብ ይሆናል፤ አጓቱም ያኔ ይበዛል። በአንድ ማቀነባበሪያ ግቢ በጾም ወራት ቦዩ ነጭ ሆኖ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ሰዎች ስለ ሽታው ሲያማርሩ ነበር፣ አጓቱን ለከብት ልውሰድ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ከአጓቱ ይበልጥ ለእኛ የሚቀርበው ፋጉሎ ነው። ኑግ ሲጨመቅ ዘይቱ ይወጣል፤ ፕሮቲኑ ግን በፋጉሎው ውስጥ ይቀራል፤ ከመቶ 30 እጅ ያህል። አባላችን ኑጉን በኅዳርና በታኅሣሥ በኩንታል ይሸጥና የገዛ ኑጉን ፋጉሎ ለላሞቹ ከነጋዴ ይገዛል። የዬዲንግ ገበሬ ይህን ቢሰማ ግር ይለው ነበር። የዘይት መጭመቂያ የመትከሉ ሐሳብ ለጠቅላላ ጉባኤው ሲቀርብ፣ ከዘይቱ ዋጋ በፊት ፋጉሎው በምን ስሌት ለአባላት እንደሚመለስ በመተዳደሪያ ደንቡ አንድ አንቀጽ ቢያዝለት እላለሁ።