የአበበ ቢቂላ ቀስት

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና አድምጡኝ። የማወጋችሁ ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። «እሱንማ ማን ያጣዋል!» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ማንም አያጣውም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አገር ሁሉ ለእንቁጣጣሽ ሽር ጉድ ሲል፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በክብረ ወሰን ያሸነፈው የክብር ዘበኛ ወታደር ነው። ጥቅምት 1957 ደግሞ ትርፍ አንጀቱን ካስወጣ ሁለት ወር ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ ደገመው፤ ሌሎቹ ገና መንገድ ላይ ሳሉ እሱ ሜዳው ላይ ጂምናስቲክ ይሠራ ነበር። ይህን እናንተም ትተርኩልኛላችሁ። እኔ የምጀምረው እናንተ ከምትጨርሱበት ነው።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ አበበ ቮልሱን እየነዳ ነበር። መኪናዋ ከቁጥጥሩ ወጣችና ተገለበጠች፤ እሱም ውስጧ እንደተቀረቀረ አደረ። ያወጡት ሲነጋ ነው። በሜክሲኮው ኦሊምፒክ ሩጫውን አቋርጦ ከወጣ ገና አምስት ወሩ ነበር። 1961 ክፉ ዓመት ሆነበት። ከአንገቱ በታች ያለው አካሉ አልታዘዝ አለው። ያ ዓለምን ያስደመመ ሰው ፊቱ ላይ ያረፈች ዝንብ እሽ ማለት ተሳነው።

ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ወሰዱት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ተራኪ ሁሉ ዘሎት የሚሄደው ይህን ነው። የሆስፒታሉን የአከርካሪ ጉዳት ክፍል በ1936 ዓ.ም. የከፈተው ሉድቪግ ጉትማን የሚባል፣ ከናዚዎች ሸሽቶ እንግሊዝ የገባ ጀርመናዊ አይሁድ ሐኪም ነው። ከዚያ በፊት ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው «አበቃለት» ተብሎ ነበር የሚተወው። አብዛኛውን ጊዜ ይገድለው የነበረው ደግሞ ስብራቱ ሳይሆን ሲተኛ የሚወጣበት ቁስልና የሽንት ኢንፌክሽን ነበር። ጉትማን ምን አለ? ሌት ተቀን፣ በየሁለት ሰዓቱ በሽተኛው ይገላበጥ አለ! ቀጥሎ ቀስት አስያዘው። ለመዝናኛ እንዳይመስላችሁ። ደጋን ሲለጠጥ ክንድ፣ ትከሻና ደረት ይጠነክራል፤ እግሩ የከዳው ሰውም ሳይወድቅ መቀመጥን ይለማመዳል። የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም.፣ ሐኪሙ 16 የጦር ጉዳተኞችን በሆስፒታሉ ግቢ በቀስት አወዳደረ። የዛሬው ፓራሊምፒክ መነሻው ያ ነው።

አበበ እዚያ ስምንት ወር ተኛ። መጀመሪያ ላይ አንገቱን እንኳ ማዞር አይችልም ነበር። ንግሥት ኤልሳቤጥ ሳይቀሩ መጥተው ጠይቀውታል፤ የንግሥት ጥየቃ ግን ጣት አያንቀሳቅስም። ክንዶቹ ቀስ በቀስ ተመለሱለት። እግሮቹ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተመለሱም።

በየአዳራሹ «እችላለሁ በል፣ ትችላለህ!» እያሉ የሚያስጨበጭቡ ሰዎች አሉ አይደል? ለአበበ «ትሮጣለህ ብለህ እመን» ቢሉት ኖሮ በሸነገሉት ነበር። እኔ አዎንታዊ አስተሳሰብ የምለው ሌላውን ነው። ድሉንም አደጋውንም ከፈጣሪው እንደተቀበለ ራሱ ይናገር ነበር። መቀበሉ ግን እጅ መስጠት አልሆነበትም። ሁለት ክንድ ቀርቶለታል፤ እንግዲህ በክንድ የሚያዋጣ ውድድር ነው የሚፈለገው።

በ1962 ዓ.ም. ክረምት በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች በተሽከርካሪ ወንበር ቀርቦ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በዓመቱ ኖርዌዮች ለአካል ጉዳተኞች ውድድራቸው በእንግድነት ጠሩት። እሱ ግን ቁጭ ብሎ የሚያይ እንግዳ አልነበረም! በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳደረና አንደኛ ወጣ። የደብረ ብርሃን አካባቢ ልጅ ውርጭ እንጂ እንዲህ ያለ በረዶ የት ያውቃል? ስለ ሮም ሐውልት ቢቆምለት ደስ ይለኛል፤ እኔን ብትጠይቁኝ ግን የኖርዌዩ ይበልጥብኛል። ሮም ሲገባ ጤነኛና የሠለጠነ ጎልማሳ ነበር፤ ኖርዌይ የሄደው አንዴ «አበቃለት» የተባለው ሰው ነው።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ፣ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ አረፈ።

እንግዲህ አደራ፣ ለልጆች ስትተርኩ አበበን ሮም ላይ አታቁሙት። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ «ሰው እንዳያየው» ተብሎ ጓዳ የተቀመጠ ልጅ ካለ ደግሞ የኖርዌዩን አስቀድሙለት። ነግራችሁትም ዝም አትበሉ፤ ወንበሩን ገፍታችሁ ወደ ሜዳ አውጡት።