ለከርሞስ ማን አለን?

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሮማ ከባሕር ጋር በምትገናኝበት በኦስቲያ፣ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉኝ። ተወልደው ያደጉት በዚሁ ባሕር ዳርቻ ወደ ደቡብ ወረድ ብላ በምትገኘው በኔቱኖ ነው። ኔቱኖ ከአጎራባቿ ከአንዚዮ ጋር ጃንዋሪ 22 ቀን 1944 የአሜሪካና የእንግሊዝ ጦር ከመርከብ የወረደባት ከተማ ናት። አሜሪካኖቹ ሁለት ነገር ትተውላት ሄዱ፤ አንዱ ሰፊ የወታደሮች መካነ መቃብር፣ ሁለተኛው ቤዝቦል የተባለው ጨዋታ ነው። ከተማይቱም ጨዋታውን ተምራ ለብዙ ዘመን የኢጣሊያ ሻምፒዮናዎች መፍለቂያ ሆነች።

ጎረቤቴ በየክረምቱ፣ ብርዱ ሰውን ሁሉ ቤት ሲያስቀምጥ፣ አንድ ወረቀት ይዘው ወደ እኔ ይወርዳሉ። በወረቀቱ ላይ የሚጽፉት የዝነኞቹን ስም አይደለም፤ የተጠባባቂዎቹን ነው። ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። በቤዝቦል የቡድኑ ሸክም ያረፈው በአንድ ወርዋሪ ክንድ ላይ ነው። ጨዋታው ዘጠኝ ዙር አለው፤ ክንዱ ሲዝል ሌላ ይተካዋል፤ አንዴ ከጨዋታ የወጣም ተመልሶ መግባት አይፈቀድለትም። ስለዚህ ከሜዳው ጥግ፣ በአጥር ተከልሎ፣ ተጠባባቂ ወርዋሪዎች ክንዳቸውን የሚያሟሙቁበት ስፍራ አለ። አሜሪካኖች «የኮርማዎች በረት» እንደ ማለት «ቡልፔን» ይሉታል።

እኔ በሐኪም ዐይን ሳየው ነገሩ ገባኝ። እንዲያ ያለው ውርወራ በክርን ውስጥ ያለችውን አንዲት ጅማት ይፈጃል። በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ የተባሉ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ቶሚ ጆን የተባለውን ወርዋሪ ከሌላው ክንዱ በተወሰደ ጅማት እስኪጠግኑት ድረስ፣ ያቺ ጅማት የተበጠሰችበት ሰው ሙያው ያበቃ ነበር። የሰው አካል ልክ አለው። ቡድንን ቡድን የሚያሰኘውም ዛሬ የሚወረውረው ሳይሆን፣ እሱ ሲዝል ከአጥሩ ወዲያ የሚነሣው ነው። ጎረቤቴ ይህን በአንድ ጥያቄ ይጠቀልሉታል፦ «ለከርሞ ማን አለን?»

ይህ ጥያቄ ከቤዝቦል አልፎ ወደ አገሬ የወሰደኝ በሴፕቴምበር 2022 ነው። በዚያ ወር ሉቻኖ ቫሳሎ በሮማ ማረፋቸውን ሰማሁ፤ ለብዙ ዓመታት የኖሩትና የሠሩት እኔ በምኖርባት በኦስቲያ እንደ ነበረም ያን ጊዜ ተረዳሁ።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አባቴ የጥጥ ፋብሪካው ሠራተኛ ነበር። «ኮተን» እየተባለ የሚጠራው የፋብሪካው ቡድን በ1960ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ ያሸነፈ ሲሆን፣ አስመራ የተወለዱት ሉቻኖና ታናሽ ወንድማቸው ኢታሎ የዚያ ቡድን ተጫዋቾች ነበሩ። በቤታችን የሉቻኖ ስም ሲነሣ አባቴ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ ስለ ሞተ ዘመድ እንደሚያወራ ሰው። ሰውየው ግን በሕይወት ነበሩ። በደርግ ዘመን አገር ጥለው ወጥተው፣ በስተኋላ እኔም በባቡር ተመላልሼ ወደ ሥራ በምሄድባት ከተማ ጋራዥ ከፍተው ይኖሩ ነበር። መኪናዬን ይዤ ብሄድ ኖሮ፣ የአባቴን ሰላምታ አቅርቤላቸው እመለስ ነበር። አልሄድሁም፤ አላወቅሁም።

ታሪኩን እንደገና እንየው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1957 ሲመሠረት ኢትዮጵያ ከግብፅና ከሱዳን ጋር ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። በዚያው ዓመት በካርቱም በተደረገው የመጀመሪያው ዋንጫ፣ ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎዋ ምክንያት ከውድድሩ ስለ ወጣች፣ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ ደርሰን በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፍን። በ1959 በካይሮ ከሦስት ቡድኖች የመጨረሻ ሆንን። በ1962 ግን ውድድሩ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ከእኛ ሌላ የተሰለፉት ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ፣ ቱኒዚያና ኡጋንዳ ብቻ ነበሩ።

አባቴ ለፍጻሜው በባቡር ወጥቶ ነበር። ጥምቀት ዐርብ፣ ሚካኤል ቅዳሜ፣ ጨዋታው ደግሞ እሑድ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ዋለ። በአቶ ይድነቃቸው ተሰማ የሚመራው ቡድናችን ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነ፤ ሁለተኛውን አቻ ያደረጉት አምበሉ ሉቻኖ ናቸው፣ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ፣ ቀጥሎም የጎንደሩ ተወላጅ መንግሥቱ ወርቁ አገቡ፤ 4 ለ 2። ሉቻኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበሉ።

ይህን ሁሉም ኢትዮጵያዊ ያውቃል። እኔ አንባቢ እንዲያስብበት የምፈልገው ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። ኢትዮጵያ ከቱኒዚያ ጋር የግማሽ ፍጻሜውን የተጫወተችው ጃንዋሪ 14 ቀን ሲሆን፣ ግብፆች ከኡጋንዳ ጋር የተጫወቱት ጃንዋሪ 18 ቀን ነው። እኛ ስድስት ሙሉ ቀን ስናርፍ እነሱ ያረፉት ሁለት ቀን ነው። ሜዳውም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ በዚያ ከፍታ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጂን ከባሕር ዳር ሰው ትንፋሽ በሩብ ያህል ያንሳል። ያኔ ደግሞ ተጫዋች እንደ ልብ መቀየር የለም ነበር፤ በዓለም ዋንጫ እንኳ ቅያሪ የተፈቀደው በ1970 በሜክሲኮ ነው፣ ያውም ሁለት ሰው ብቻ። እንግዲህ በ101ኛውና በ117ኛው ደቂቃ ጎሎቹ ሲገቡ፣ ከአጥሩ ወዲያ ተነሥተው የረዱን ተጠባባቂዎች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ዕረፍት፣ ሁለተኛው አየር።

ይህን የምለው የእነዚያን ጀግኖች ክብር ለመቀነስ አይደለም። ዕረፍትና አየር ኳስ ከመረብ አያገናኙም። ነገር ግን ሰው ያልሆነ ተጠባባቂ ለከርሞ አይቀመጥም። እኛም ዋንጫውን ተቀብለን በደስታ ስንጨፍር፣ የተረዳንበትን ነገር የራሳችን ሀብት አድርገን ቆጠርነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግልጽ ነው። በ1963 በጋና አራተኛ ወጣን። በ1965 በቱኒዚያ ሁለቱንም ጨዋታ ተሸነፍን። በ1968 ውድድሩ ዳግመኛ ወደ አገራችን ሲመጣ፣ በአዲስ አበባ በግማሽ ፍጻሜው ኮንጎ ኪንሻሳ በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አሸነፈን። አየሩ ያው ነበር፤ ከፍታው ያው ነበር። የቡድኑ ምሰሶ የነበሩት ሉቻኖ ግን 32 ዓመት ሆኗቸው ነበር። በ1970 በሱዳን አይቮሪ ኮስት 6 ለ 1 ረታን፤ አምስቱን ያገባው ሎራን ፖኩ ነው። በ1976 በገዛ ሜዳችን ከመጀመሪያው ዙር ወደቅን። በ1982 በሊቢያ፣ ያኔ አሠልጣኝ የሆኑት መንግሥቱ ወርቁ የመሩት ቡድን አንድ ጎል እንኳ ሳያገባ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ 31 ዓመት ዝምታ ሆነ። በ2013 በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው፣ በ2022 መጀመሪያ ደግሞ በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ መሪነት ለውድድሩ በቅተን ሁለቱንም ጊዜ ከምድቡ ሳናልፍ ቀረን።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ፍትሐዊ ነው። በ1960 ብቻ 17 የአፍሪካ አገሮች ነፃ ወጡ፤ ከአራት ቡድን ማሸነፍና ከሃምሳ ማሸነፍ አንድ አይደለም። ሁለተኛው ምክንያት ግን የራሳችን ነው። ያ የ1962 ቡድን የበቀለው ከአስመራ ሠፈሮች፣ ከድሬዳዋ ፋብሪካ ግቢና ከአዲስ አበባ ክለቦች ነበር። ማንም በዕቅድ አልዘራቸውም፤ ራሳቸው በቀሉ። እኛ አጨድን። ገበሬ ግን ከምርቱ ሁሉ በፊት ለዘር የሚሆነውን ለይቶ ጎተራ ያስገባል፤ ክረምት ቢጠና፣ ልጆች ቢራቡ እንኳ ያን እህል መንካት የቤት ውርደት ነው። እኛ የዘሩን እህል ከምግቡ ሳንለይ በላን። ቀጥሎ አብዮቱ መጣ፤ ጦርነቱ መጣ፤ ከሞት የተረፈው ሲሰደድ፣ አስመራም በ1993 የሌላ አገር ዋና ከተማ ሆነች።

ሉቻኖ በስደት አገር የሠሩት ሥራ ስለዚህ ነው የሚያሳዝነኝም የሚያስደንቀኝም። ከጋራዡ ሥራ ጎን በኦስቲያ ለሕፃናት የእግር ኳስ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ለአፍሪካ ዋንጫ አምበል የሆኑት ሰው፣ ያካበቱትን ሁሉ ለኢጣሊያ የባሕር ዳር ልጆች ሰጡ። ዘሪው ዘሩን ይዞ ተሰደደ፤ መሬት ሲያገኝም ዘራ። ጥፋቱ የዘሪው ነውን?

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ካልተናገርሁ ሐቀኛ አልሆንም። በ1987 ሕክምና ልማር በነፃ ትምህርት ዕድል ወደ ቡዳፔስት ስሄድ፣ ተመልሼ አገሬን ላገለግል ፈርሜ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ገና ተማሪ ነበርሁ። በ1994 ተመረቅሁ፤ ወደ ኢጣሊያም ተሻገርሁ። በ1996 ልጅ ሳለሁ ሕክምና እንድማር ያበረታቱኝ አንድ አዛውንት ቀዶ ሐኪም ደብዳቤ ላኩልኝ። ደብዳቤው አጭር ነበር። «ልጄ፣» ይላል፣ «ጡረታ ልወጣ ሦስት ዓመት ቀርቶኛል። እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። አጠገቤ የቆመ ሰው የለም። ከርሞ ትመጣለህ ወይ?»

ወዲያው መልስ ጻፍሁ፦ «ከርሞ እመጣለሁ።» በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ ጻፍሁ፤ በሦስተኛውም። ውሸቴን አልነበረም፤ በየዓመቱ አምኜበት ነበር። ልጅ ተወለደ፤ ፈቃድ ታደሰ፤ ሥራ ተለወጠ። ጡረታቸው ሲደርስ የሚተካቸው ስለ ጠፋ በሚንቀጠቀጠው እጃቸው ቀጠሉ። በ2004 አረፉ። ከእኔ የመጨረሻ የደረሳቸው ቃል «ከርሞ» ነው። በቋንቋችን ይህች ቃል ሁለት ትከሻ አላት፤ ለገበሬ የዘር ቀን ናት፣ ለስደተኛ ደግሞ መሸሸጊያ።

አሁን እኔ ራሴ ወደ ስድሳ እየተጠጋሁ ነው። በሌሊት ተረኝነት ጊዜ ወጣቶቹን ሐኪሞች ሳስተምር፣ በሉቻኖ ላይ የታዘንሁትን በራሴ ላይ አየዋለሁ፤ ተተኪዎቼ ሁሉ የሌላ ሰው ተጠባባቂዎች ናቸው።

ጁን 9 ቀን 2022፣ ሉቻኖ ከማረፋቸው ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈች። ዳግመኛ ግብፅን! ጨዋታው በወረቀት ላይ የእኛ የሜዳ ጨዋታ ነበር። የተደረገው ግን በማላዊ፣ በሊሎንግዌ ነው፤ በአገራችን የኮንፌዴሬሽኑን መመዘኛ የሚያሟላ ስታዲየም ስላልነበረ። ውጤቱን ባየሁ ጊዜ ደስ አለኝ፤ ወዲያውም ዝም አልሁ። የአዲስ አበባ አየር አልነበረም፤ የስድስት ቀን ዕረፍት አልነበረም፤ ሜዳውም የሰው ነው። ያሸነፉት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። በ1962 አየርና ዕረፍት ነበረን፤ በ2022 ደግሞ አየሩም ሜዳውም በሌለበት ልጆች እንዳሉን አየን። ዘሩ ጨርሶ አልጠፋም ማለት ነው፤ የጠፋው ጎተራው ነው።

ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ እንደ ልማዳቸው ወረቀታቸውን ይዘው ወረዱ። ሦስት ስም ጽፈዋል፤ አንድ ሽማግሌ ወርዋሪ «ልጆቹን የሚያረጋጋ»፣ አንድ ፈጣን ጎረምሳ፣ አንድ ግራኝ። እኔም በዚያው ወረቀት ጀርባ ላይ ሦስት ስሞች ጻፍሁ፤ በአገር ቤት በሙያዬ እየሠለጠኑ ያሉ፣ በስልክ የማውቃቸው ወጣት ሐኪሞች። በየዓመቱ አንድ ወር ፈቃዴን ወስጄ አጠገባቸው ልቆም ቀን ቆረጥሁ፤ ቲኬቱንም ገዛሁ። ለሦስት ሰው አንድ ወር ምን ይሆናል የሚለኝ ካለ፣ መልስ የለኝም። የማውቀው ግን የዘር እህል ሁልጊዜ ከሚበላው ማነሱን ነው። በቲኬቱ ላይ የተጻፈው ቀን የተወሰነ ነው፤ «ከርሞ» አይልም።