ስለ አንዲት የረግረግ ኦርኪድ፤ የስሟና የመሬቷ ታሪክ

በሰሜን አውሮፓ ረግረጎች የምትበቅል ሐማርቢያ ፓሉዶሳ የምትባል ትንሽ ኦርኪድ አለች። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም ስሟ ከየት እንደ መጣና በብዙ ስፍራ ስለ ምን እንደ ጠፋች ነው።

ቁመቷ ብዙ ጊዜ ከ12 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ አበባዋም አረንጓዴ ስለ ሆነ በሣር መካከል ለይቶ የሚያያት ጥቂት ነው። የምትኖረው ስፋግነም በሚባለው፥ ሥር በሌለውና ውሃን እንደ ሰፍነግ በሚይዘው ተክል ላይ ነው። ስፋግነም ውሃውን አሲድ ያደርገዋል። በዚህ ላይ ውሃው አየር ስለሚያጣ የሞተው ተክል ፈጽሞ ሳይበሰብስ ይከማቻል፤ ፒት የሚባለው ጥቁር አፈርም በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይነሣል። ኦርኪዷም በየዓመቱ እንደ ሽንኩርት ራስ ያለ አዲስ እብጠት ከአሮጌው በላይ እያበጀች አብራ ትወጣለች።

ስዊድናዊው ካርል ሊኔ እ.ኤ.አ. በ1753 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ኦፍሪስ ፓሉዶሳ ብሎ መዘገባት፤ ፓሉዶሳ በላቲን የረግረግ ማለት ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ማላክሲስ ከሚባለው ወገን ቈጠሯት። በ1891 ዓ.ም. ግን ጀርመናዊው ኦቶ ኩንትዜ ሐማርቢያ አላት። ሐማርቢ ሊኔ በ1758 ዓ.ም. በኡፕሳላ አጠገብ የገዛው ርስት ነው። ኩንትዜ እጅግ ብዙ ስም ስለ ለወጠ ሊቃውንቱ ብዙውን ቢነቅፉትም፥ ይህ ስም ጸንቷል።

ቻርልስ ዳርዊንም በ1862 ዓ.ም. ስለ ኦርኪዶች በጻፈው መጽሐፍ አንሥቷታል። የብዙ ኦርኪዶች አበባ ግማሽ ዙር ስለሚጠመዘዝ ከንፈር የሚባለው ክፍል ወደ ታች ይውላል። የዚህች አበባ ግን ሙሉ ዙር ተጠምዝዞ ከንፈሩ ወደ ላይ ይመለሳል። ባይጠመዘዝም ኖሮ እዚያው ይሆን ነበር፤ ዳርዊንን ያስደነቀው ይህ ነው።

እንግዲህ የጠፋችው መካን ሆና ነውን? አይደለም። ከዘሯ ሌላ በቅጠሏ ጫፍ ጥቃቅን ቡቃያዎች ታወጣለች፤ እነዚህም ወድቀው በስፋግነሙ ላይ ይበቅላሉ። ያጠፋት የውሃው መራቅ ነው። ሰዎች ፒቱን ለማገዶ ቈረጡ፤ ረግረጉንም ለእርሻና ለደን ሲሉ በቦይ አደረቁ። ፊንላንድ ብቻዋን ከረግረጓ ግማሽ የሚበልጠውን አድርቃለች። የደረቀ ፒትም ይሟሽሻል፤ አየር ገብቶበት ይበሰብሳል። በእንግሊዝ አገር በሆልም ፌን በ1851 ዓ.ም. ራሱ ከመሬት እኩል ሁኖ የተተከለው የብረት ምሰሶ ዛሬ 4 ሜትር ያህል ከመሬት በላይ ይታያል። ምሰሶው አልተነሣም፤ መሬቱ ነው የወረደው። በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ብናስብ፥ ያንን ለመመለስ 4,000 ዓመት ያስፈልጋል።

የስዊድን መንግሥት በ1879 ዓ.ም. የሐማርቢን ቤት ገዝቶ እስከ ዛሬ ጠብቆታል። ቤትን በአጥርና በጣራ መጠበቅ ይቻላል። ረግረግን ግን አጥር ብቻ አያድነውም፤ ጎረቤት የቈፈረው ቦይ ውሃውን ከአጥሩ ሥር ይወስደዋልና። ስለዚህ ተክሏን እንጠብቅ የሚል ሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ነው እንላለን።