ረጅሟ አንቀጽ፦ የሒሳብ መዝገብ በሙስሊሞች ታሪክ



ሁለት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው ሱቅ ይከፍታሉ። «እኛ እኮ ወንድማማች ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?» ይባባላሉ። ዓመት ሳይሞላ አንዱ «ያ ያወጣሁት ብር የት ገባ?» ይላል፤ ሌላው «ለዕቃ ከፍለነው የለ እንዴ?» ይላል። ሁለቱም ሌባ አይደሉም፤ ሁለቱም ረስተዋል። ሱቁ ይዘጋል፣ ሰላምታም ይቋረጣል። ይህን በየሰፈራችን እያየነው ነው። «መጻፍ አለመተማመን ነው» የሚለው ልማድ ግን ከዲናችንም ከታሪካችንም የመጣ አይደለም።

ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሟ የሱረቱል በቀራ 282ኛ አንቀጽ ናት፤ «አየቱ ደይን»፣ የዕዳ አንቀጽ ትባላለች። አላህ (ሱ.ወ) በዚህች አንቀጽ እስከ ተወሰነ ጊዜ ስንበዳደር እንድንጽፈው፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ የሚያስጽፈውም ዕዳው ያለበት ሰው እንዲሆን፣ ምስክሮችም እንዲኖሩ አዘዘን። ገንዘቡ ትንሽም ሆነ ትልቅ መጻፍ እንዳይሰለቸን አሳሰበን። እጅ በእጅ ለሚደረግ ንግድ ባንጽፍ ግን ኃጢአት እንደሌለብን አቀለለልን። ልብ በሉ! ትእዛዙ የወረደው ለአማኞች ነው፤ እርስ በርስ ይተማመኑ ለነበሩ ሰዎች። ሰው ይረሳል፣ ይታመማል፣ ይሞታል። ያልተጻፈ ዕዳ ደግሞ ለወራሾች ጠብ ሆኖ ይተርፋል።

ይህ ትምህርት መስጂድ ውስጥ ብቻ አልቀረም። በኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ዘመን አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ከባሕረይን 500,000 ዲርሃም ይዘው መዲና እንደገቡ ተዘግቧል። ዑመር የገንዘቡን ብዛት ሲሰሙ ለማመን ተቸግረው ደግመው ጠየቁ። ይህን ሁሉ ለባለ መብቶቹ በትክክል ማድረስ በቃል ብቻ የሚሆን አልነበረም። ስለዚህ በብዙዎች ዘገባ በ20ኛው ዓመተ ሂጅራ ዲዋን ተቋቋመ፤ የሰዎች ስምና የሚደርሳቸው ድርሻ በመዝገብ ሰፈረ። አሠራሩ ከሌሎች ሕዝቦች የተቀሰመ ነበር፤ ዑመር ጠቃሚ ሆኖ ስላገኙት ለመውሰድ አላፈሩም። በኋላም በኡመውያው ኸሊፋ ዐብዱልመሊክ ዘመን በግሪክኛና በፋርስኛ ይያዙ የነበሩት የሻምና የዒራቅ የግብር መዝገቦች ወደ ዐረብኛ ተዛወሩ።

በባግዳድ ደግሞ ሙሐመድ ኢብኑ ሙሳ አልኸዋሪዝሚ እ.ኤ.አ. በ820ዎቹ ገደማ ስለ አልጀብር ጻፈ። መጽሐፉ ሰዎች በውርስ ክፍፍልና በንግድ ለሚያጋጥሟቸው ስሌቶች የታሰበ ነበር። ከሕንድ የመጡትን ቁጥሮችም አስተዋወቀ። ከዘመናት በኋላ የፒዛው ፊቦናቺ እነዚህን ቁጥሮች በዛሬዋ አልጄሪያ በምትገኘው ቢጃያ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1202 በመጽሐፉ ለአውሮፓ ነጋዴዎች አቀረባቸው። ዛሬ በስልካችን የምንደምርባቸው እነዚያኑ ነው።

እዚህ ላይ ሐቁን እንናገር፤ ማጋነን አማናን ያጎድላል። እያንዳንዱ ገንዘብ ከየት ወጥቶ የት እንደገባ ሁለት ቦታ የሚጻፍበትን ድርብ አመዘጋገብ በሕትመት አብራርቶ ያሰራጨው እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ የታተመው የሉካ ፓቾሊ መጽሐፍ ነው። ነገር ግን ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1363 ገደማ፣ አልማዘንደራኒ የተባለ ጸሐፊ «ሪሳለየ ፈለኪያ» በተሰኘ የፋርስኛ መጽሐፉ ዕለታዊ መዝገብንና ሌሎች የሒሳብ ደብተሮችን እንዴት መያዝ እንደሚገባ አስተምሯል።

ታዲያ እኛስ? ለመጀመር አንድ ደብተር ይበቃል። በየቀኑ ቀኑን፣ የገባውን፣ የወጣውን፣ በዱቤ የወሰደውን ሰውና እኛ ያለብንን ዕዳ እንጻፍ። የቤት ወጪና የሱቅ ገንዘብ አይቀላቀሉ፤ ለቤት የወሰድነውንም እንመዝግብ። ማታ ከመዝጋታችን በፊት መሳቢያው ውስጥ ያለው ብር ከደብተሩ ጋር ይመሳከር። ሥራው ሲሰፋ ኤክሴል፣ ከዚያም እንደ ኩዊክቡክስ ያሉ ሶፍትዌሮች አሉ። ሽያጭ ስናስገባ ከዕቃው ቀንሰው ገንዘቡ ላይ ይደምራሉ፣ ትርፍና ኪሳራውን ያወጣሉ። ያላስገባነውን ግን አያውቁም። ኮምፒውተሩ ቢበላሽ እንዳንቸገር መረጃውን ሌላ ቦታ ቀድተን እናስቀምጥ።

መዝገብ የሌለው ነጋዴ ዘካውንስ በምን ያወጣል? ለምሳሌ ዓመተ ሂጅራው ሲሞላ በወቅቱ ዋጋ 1,800,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ፣ 300,000 ብር ጥሬ ገንዘብና እንደሚከፈል እርግጠኛ የሆንበት 200,000 ብር ዱቤ አለን እንበል። መክፈያው የደረሰ 300,000 ብር ዕዳ ሲቀነስ 2,000,000 ብር ይቀራል። ኒሷብ ከሞላ 2.5 በመቶው፣ ማለትም 50,000 ብር፣ የድሆች ሐቅ ነው። ዕዳን በመቀነስ ጉዳይ ዑለሞች የተለያየ አቋም ስላላቸው የየራሳችንን ሁኔታ ይዘን እንጠይቃቸው። «በግምት» የሚያወጣ ሰው ግን ወይ ራሱን ይጎዳል፣ ወይ የድሆችን ሐቅ ይበላል።

የነገውን ቀን «የውሙል ሒሳብ» እንለዋለን። የዚያን ቀን መዝገብ የሚጽፉት መላእክት ናቸው፤ የሱቃችንን መዝገብ የምንጽፈው ግን እኛው ነን። ከወንድምህ ጋር በሽርክና የምትሠራ ከሆነ ዛሬ ማታ አብራችሁ ቁጭ በሉና የመጀመሪያውን ገጽ ጻፉ። አላህ ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።