ብር ስንል የትኛውን ብር?



ዛሬ የምናነበው አንድ አጭር ቃል ነው። ሁለት ፊደል ብቻ፤ «ብ» እና «ር»። ብር። ለማንበብ አይከብድም። ትርጉሙ ግን ብዙ ነው፤ ካልለየነውም ያስከስረናል።

ከሁሉ በፊት ብር ማዕድን ነው። ከመሬት የሚወጣ፣ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ። በግእዝ ብሩር ይባላል። አንጥረኛው መስቀሉንና አምባሩን የሚሠራው ከእሱ ነው። ልጃቸውን ብሩ ወይም ብርነሽ ብለው ስም ያወጡ ወላጆችም ያሰቡት ይህንኑ ማዕድን እንጂ በኪስ የሚያዘውን ወረቀት አይመስለኝም። ወፏ «ብር አለች» ስንል ግን ሌላ ነው፤ ያ «በረረ» ከሚለው የመጣ ነው። አጻጻፉ አንድ፣ ዘሩ ለየብቻ። (ደመወዝ በተቀበልኩ በሦስተኛው ቀን ሁለቱ አንድ ይሆኑብኛል፤ እሱን እንተወው።) የጠጁ ብርሌም ቢሆን ከብር አልተወለደም። ቢረሌ በግእዝ የከበረ ድንጋይ ስም ነው።

ታዲያ ማዕድኑ እንዴት ገንዘብ ሆነ? ለዚህ ሩቅ አገር አንሄድም፤ የእኛው የባሶ ገበያ ይበቃናል። ዛሬ የጁቤ ገበያ የምትወጡ ሁሉ ልብ በሉ፤ የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ግድም ባሶ ስመ ጥር ገበያ ነበር። ከዓባይ ማዶ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና ዝባድ ይመጣል። ከሰሜን ደግሞ ጨርቅና አሞሌ ጨው ይወርዳል። ሰውም ይሸጥበት ነበር፤ ይህን መደበቅ አይገባም። በ1834 ዓ.ም. ገደማ ጎጃም የተቀመጠው ቻርልስ ቢክ የሚባል እንግሊዛዊ ስለዚህ ንግድ ጽፏል።

በዚያ ገበያ ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዝርዝሩ አሞሌ ነው። አሞሌው የሚመጣው ከአፋር ምድር ስለሆነ፣ መንገዱ በራቀ ቁጥር ይወደዳል። ስለዚህ አንድ ብር ይዞ ዓባይን የተሻገረ ሰው የሚዘረዘርለት አሞሌ ጨው ከሚወጣበት አገር አጠገብ ካለው ሰው ያነሰ ነው።

ብሩስ የማን ነበር? የሴትዮዋ ነው። ማሪያ ቴሬዛ የኦስትሪያ ንግሥት ነበረች። እሷ በ1780 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሞተች። መልኳ ያለበት ገንዘብ ግን ያንኑ ዓመት እንደያዘ መሠራቱን ቀጠለ። እኛ ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር እንለዋለን። ከስድስት እጅ አምስቱ እጅ ጥሩ ብር ነው፤ ክብደቱ 28 ግራም ያህል። እንዲያውም ክብደቱ የታወቀ ስለሆነ ወርቅ መመዘኛ ሆኖ አገልግሏል፤ ወቄት የምንለው ይኸው የአንድ ብር ክብደት ነው። ፈረንጆቹ ራሳቸው ይህን ገንዘብ ታለር ይሉታል። ስሙ የመጣው ከዮአኪምስታል ነው፤ ይህም በዛሬይቱ ቼክ አገር የሚገኝ ብር የሚወጣበት ሸለቆ ነው፤ «ታል» ማለት ሸለቆ ነው። ዶላር የሚለውም ቃል ከዚሁ ከታለር የወጣ ነው። እንግዲህ የእኛ ጠገራና የአሜሪካው ዶላር የሥጋ ዘመዶች ናቸው ማለት ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. አንበሳ ያለበትን የራሳቸውን ብር ፓሪስ አሠርተው አወጡ። ነጋዴውና ገበሬው ግን ለብዙ ዘመን የለመዳትን ሴትዮ መረጠ። ከዚያ ጣሊያን ሊሬውን፣ እንግሊዝ ሽልንጉን ይዘው መጡ። ሃምሳ ሳንቲሙን «ሽልንግ» ማለታችን ከዚያ የተረፈ ነው።

ትልቁ ለውጥ በሐምሌ 1937 ዓ.ም. መጣ። መንግሥት አዲስ የወረቀት ገንዘብ አወጣ፤ መቶ ሳንቲም አንድ ብር ሆነ። ወረቀቱ ላይ በአማርኛ «ብር»፣ በእንግሊዝኛ «ዶላር» ተጻፈ። በእንግሊዝኛውም ብር የተባለው በ1969 ዓ.ም. ነው። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ባለ 200ው ብር ታየ። ዛሬ አንዱ ብር ድቡልቡል ሆኗል፤ ብር የሚባለው ማዕድን ግን የለበትም። ልጆች እንዲያውም «ሳንቲም» ይሉታል!

አሁን ወደ ቤታችሁ ሣጥን እንምጣ። አያት ያስቀመጡት የጥሎሽ ወይም የብድር ወረቀት ካለ አውጡና አንብቡት። «30 ብር» ይላል እንበል። ቁጥሩን ካነበባችሁ በኋላ ዓመተ ምሕረቱን ፈልጉ። 1915 ወይም 1920 ከሆነ ያ ብር ሠላሳ የብር ድቡልቡል ነው፤ በአህያ ካልሆነ በትከሻ የሚከብድ ባይሆንም ወገብን ያስታውሳል፣ አንድ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። 1950 ከሆነ ወረቀት ነው።

አንዳንዱ ነጋዴ ይህን ልዩነት አሳምሮ ያውቀዋል። እማማ በጨርቅ ቋጥረው ያኖሩትን ጠገራ አይቶ፣ «ይሄ እኮ አንድ ብር ነው፣ እኔ አሥር ብር እሰጥዎታለሁ» ይላል። አሥር እጥፍ የጨመረ ይመስላል። አንጥረኛ ቤት ውሰዱትና ሚዛን ላይ አስቀምጡት። እሱ ስንት ብር ነው ብሎ አይጠይቃችሁም፤ ስንት ግራም ነው ብሎ ይመዝናል እንጂ።