አዲስ ዓለምን ማን ሠራት?



ባለፈው ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ወጣት «ኡስታዝ፣ የጎንደር ታሪክ ግንቡ ነው፤ የእኛ ሰፈር ምን ታሪክ አለው?» አለኝ። ዛሬ ለእሱም ለእናንተም ልመልስ።

እ.ኤ.አ. በ1668፣ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ ጎንደር ላይ የተቀመጠ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው ለብቻቸው እንዲኖሩ ወሰነ። ከ10 ዓመት በኋላ ውሳኔው በድጋሚ ታወጀ። መደጋገሙ ራሱ ጎረቤታሞች በቀላሉ እንዳልተለያዩ ይጠቁማል። ሙስሊሞቹ የሰፈሩበት የቀሃ ወንዝ ዳር «እስላም ቤት» ተባለ። የዛሬው አዲስ ዓለም ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የተሰጣቸው ቦታ ቆላው ዳር ነበር። ርስትም አልነበራቸውም። «ሰማይ ዓምድ የለውም፣ እስላም አገር የለውም» እየተባለባቸው ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሸመኑ፣ ሰፉ፣ እስከ ምጽዋና እስከ ስናር ነገዱ። ንጉሡ ሲዘምቱ ድንኳን የሚተክሉትና የሚነቅሉትም እነሱ ነበሩ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ ያረፈው እዚሁ ሰፈር ነው፤ ሰፋፊና ጥሩ ቤቶች እንዳየም ጽፏል።

በ1878 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ደግሞ ሃይማኖት መቀየር ወይም መሰደድ መጣ። ብዙዎች ወደ መተማ ሄዱ። ሰፈሩ ግን አልሞተም። ሙስሊሙ በመሬት ላይ መብት ያገኘው በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ነው። እንግዲህ አባቶቻችን ይህን ሁሉ ዘመን ያለሙት የእኔ የሚሉት ወረቀት በሌላቸው ቦታ ላይ ነበር።

ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ከተሞቻችን በኮሪደር ልማት እየታደሱ ነው። መንገድ ይሰፋል፣ ቤት ይነሳል። ሰፈርን ሰፈር የሚያደርገው ግን አስፋልቱ ብቻ አይደለም፤ መስጂዱ፣ የሸማኔው ጉድጓድ፣ የጎረቤት ቡና ነው። ይህን የሚያውቀው ነዋሪው ነው። ነዋሪው ዝም ካለ መሐንዲሱ ከየት ያውቃል?

ስለዚህ የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ «ምን አገባኝ» አትበሉ፤ ሄዳችሁ ተናገሩ። አረጋውያኑ ሳያልፉ የየመንደሩን ስምና ታሪክ በስልካችሁ ቅረጹ። ወንዙን ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችሁ ጋር ሆናችሁ አጽዱ፤ ውሃው የሁላችንም ነው። ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሳት ከኢማን መሆኑን ገና መድረሳ ሳለን ተምረናል።

አባቶቻችን መብት ሳይኖራቸው ሠሩ። እኛ መብት እያለን ዝም ካልን ምን እንመልሳለን?

ወሰላሙ ዐለይኩም።