ብራያን ሜይ እና ሬድ ስፔሻል፦ የአንድ ጊታሪስት የሙያ ጉዞና የድምፁ አፈጣጠር

ብራያን ሜይ የእንግሊዙ የሮክ ባንድ የ‹‹ክዊን›› መሥራችና ሊድ ጊታሪስት ነው። ባንዱ ከተመሠረተበት ከ1970 ጀምሮ (ዓመታቱ በሙሉ፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በመድረክም ሆነ በስቱዲዮ በአብዛኛው የተጫወተው በአንድ ጊታር ነው። ሬድ ስፔሻል የተባለውን ያንን ጊታር በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ከአባቱ ጋር ሆኖ በቤታቸው ሠርቶታል። በዘመኑ የገነኑት የሮክ ጊታሪስቶች አብዛኞቹ ፋብሪካ ሠራሽ ጊታሮችን እያፈራረቁ ሲጫወቱ፣ ሜይ የያዘውን አንድ ጊታር ጠባይ እስከ መጨረሻው ማወቅን መረጠ። አድማጭ በጥቂት ኖታዎች የሚለየው ድምፁም ከአንድ ዕቃ ብቻ የመጣ አይደለም። ክሩን ከሚመታው ሳንቲም አንሥቶ እስከ ድምፅ ማጉያው ያለው ሰንሰለት በሙሉ እንደ አንድ መሣሪያ ተዋሕዶ የሚሰጠው ውጤት ነው።

ልጅነትና የባንዱ ምሥረታ

ሜይ ጁላይ 19 ቀን 1947 በለንደን ምዕራባዊ ዳርቻ በምትገኘው ሃምፕተን ተወለደ። አባቱ ሃሮልድ ሜይ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ነበሩ፤ የቤተሰቡን ቴሌቪዥን ሳይቀር በእጃቸው የሠሩ ሰው ናቸው። ለልጃቸው በመጀመሪያ ያስተማሩት ዩኩሌሌ ባንጆ የተባለውን ትንሽ ባለ ክር መሣሪያ ሲሆን፣ ሰባት ዓመት ሲሞላው የልደት ስጦታው አኩስቲክ ጊታር ሆነ። ልጁ ብዙም ሳይቆይ በዚሁ ጊታር ላይ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር፣ ራሱ የሠራውን ማግኔታዊ ፒክአፕ ገጥሞ ድምፁን በኤሌክትሪክ ማጉላት ጀመረ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ወጣቶች አርአያ የነበረው የ‹‹ዘ ሻዶውስ›› ጊታሪስት ሃንክ ማርቪን ነበር። በኋላም ኤሪክ ክላፕተን፣ ጄፍ ቤክና ጂሚ ሄንድሪክስ በሜይ አጨዋወት ላይ ጥልቅ አሻራ አሳድረዋል።

ሜይ በሃምፕተን ግራመር ትምህርት ቤት ሳለ ከጓደኞቹ ጋር በጆርጅ ኦርዌል ልብ ወለድ ስም ‹‹1984›› የተባለ ባንድ አቋቋመ። ከዚያም ለንደን በሚገኘው ኢምፔሪያል ኮሌጅ ፊዚክስ አጥንቶ በ1968 የመጀመሪያ ዲግሪውን አገኘ። በዚያው ዓመት ከዘፋኙና ቤዝ ጊታሪስቱ ቲም ስታፌል እና ከድራም ተጫዋቹ ሮጀር ቴይለር ጋር ‹‹ስማይል›› የተባለውን ባንድ መሠረተ። በ1970 ስታፌል ሲለቅ በዛንዚባር የተወለደው ፍሬዲ ሜርኩሪ በዘፋኝነት ገባና ባንዱ ‹‹ክዊን›› ተባለ። ቤዝ ጊታሪስቱ ጆን ዲከን በ1971 ሲጨመር የአራቱ ቅንጅት ተሟላ፤ የመጀመሪያው አልበማቸውም በ1973 ወጣ።

የጊታሩ አሠራር

ሬድ ስፔሻል የተወለደው ከገንዘብ እጥረት ነው። ማርቪን የሚጫወትበትን ዓይነት ፌንደር ስትራቶካስተር መግዛት ከቤተሰቡ አቅም በላይ ስለነበር፣ አባትና ልጅ በ1963 የራሳቸውን ጊታር ለመሥራት ተነሡ። ሥራው ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ፤ የወጣበት ገንዘብም 8 ፓውንድ ገደማ እንደነበር ይነገራል።

አንገቱ የተጠረበው ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ካለው የሳሎን እሳት ምድጃ ዙሪያ ከተነቀለ ማሆጋኒ ነው። በእንጨቱ ላይ ትል የበላቸው ቀዳዳዎች ነበሩ፤ እነሱም በክብሪት እንጨት ተደፈኑ። የአካሉ መሐል ከአሮጌ ጠረጴዛ የተወሰደ ኦክ ሲሆን፣ ቀሪው ከተጣበቀ ጣውላ ተሠርቶ ስስ የማሆጋኒ ልባስ ለብሷል። በአንገቱ ላይ የኖታውን ቦታ የሚያመለክቱት ነጠብጣቦች ከእናቱ የስፌት ሣጥን የተገኙ፣ ከዛጎል የተሠሩ የልብስ ቁልፎች ናቸው። ጊታሩ 24 ፍሬቶች (በአንገቱ ላይ ኖታዎቹን የሚለዩ ብረቶች) አሉት፤ ይህም በእያንዳንዱ ክር ላይ ሁለት ሙሉ ኦክታቭ ለመጫወት ያስችላል። የክሩ ርዝመት 24 ኢንች ነው። ከስትራቶካስተር 25.5 ኢንች ስለሚያጥር፣ ያው ክር ለዚያው ኖታ የሚያስፈልገው ውጥረት ይቀንሳል፤ ጣትም ክሩን በቀላሉ ጎትቶ ድምፁን ማጠፍ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ብልሃት የታየበት ክፍል ትሬሞሎው፣ ማለትም የክሮቹን ውጥረት በክንድ እያላላና እያጠበቀ ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ስልት ነው። የዚያ ዘመን ትሬሞሎዎች ዋና ችግር ሰበቃ ነበር፤ ክንዱ ከተነካ በኋላ ክሮቹ ወደ ነበሩበት ውጥረት በትክክል ስለማይመለሱ ቅኝቱ ይበላሻል። አባትና ልጅ ትሬሞሎውን በቢላዋ ስለት ላይ እንዲወዛወዝ አድርገው ሠሩት፤ ክሮቹ በሚያርፉበት ድልድይ ላይም የሚሽከረከሩ ትንንሽ ጎማዎች ገጠሙ። የክሮቹን ጉተታ የሚመጥኑት ሞላዎች ከ1928 የፓንተር ሞተር ብስክሌት ቫልቮች የመጡ ናቸው። ክንዱ የብስክሌት ኮርቻ ቦርሳ መያዣ ብረት ሲሆን፣ ጫፉ ከእናቱ የሹራብ መሥሪያ መርፌ የተቆረጠ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ከውዳቂ ቢገኝም የተመረጠው በዘፈቀደ አልነበረም፤ ሰበቃን መቀነስ የሚለው አንድ የምሕንድስና ጥያቄ ሁሉንም ይገዛቸው ነበር።

የአካሉ ውስጥም ሆን ተብሎ ባዶ ክፍሎች ተትተውለታል። ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው ድምፅ ተመልሶ ክሮቹን ሲያንቀጠቅጥ ኖታው ሳይሞት ረጅም ጊዜ ይዘልቃል፤ ይህ ፊድባክ ይባላል። ሌሎች እንደ እንከን ያዩት የነበረውን ይህን ክስተት ሜይ ገና ጊታሩን ሲነድፍ ፈልጎታል፤ ባዶዎቹ ክፍሎችም ያግዙታል። የማይፈለገው ፊድባክ ግን በፒክአፑ ጥቅል ሽቦ መንቀጥቀጥ የሚፈጠረው ጆሮ የሚሰነጥቅ ፉጨት ነው። ሜይ መጀመሪያ የራሱን ፒክአፖች ሠርቶ ነበር፤ ክሩ ሲጎተት የሚያሰሙት እንግዳ ድምፅ ስላላስደሰተው ሦስት በርንስ ትራይ ሶኒክ ፒክአፖችን ገዛ። ሽቦዎቻቸው እንዳይንቀጠቀጡም በአራልዳይት ሙጫ ሞላቸው።

ፒክአፖቹ የተገናኙበት መንገድ ሌላው ልዩ ባሕርይ ነው። በአብዛኞቹ ጊታሮች ፒክአፖች በትይዩ ሲገናኙ፣ በሬድ ስፔሻል ግን አንዱ ከሌላው ጋር በተከታታይ ተያይዘዋል። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ፒክአፖች በአንድነት ሲከፈቱ የኤሌክትሪክ ሞገዳቸው ይደመራል፤ ድምፁም ይወፍራል። ለእያንዳንዱ ፒክአፕ አንድ ማብሪያና ማጥፊያ፣ አንድ ደግሞ የሞገዱን አቅጣጫ የሚገለብጥ ማንሸራተቻ አለው። አቅጣጫው የተገለበጠ ፒክአፕ ከሌላው ጋር ሲጣመር የጋራ የሆኑት ሞገዶች እርስ በርስ ይጣፋሉ፤ የሚቀረው ቀጭን፣ ስለታምና እንደ ሰው ድምፅ የሚያለቅስ ቃና ነው። አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ፒክአፖችን በመክፈትና አቅጣጫቸውን በመገልበጥ በድምሩ 13 የተለያዩ ቅንብሮች ይገኛሉ። በፋብሪካ ጊታሮች ላይ የተለመደው መምረጫ ግን ከሦስት እስከ አምስት ቦታዎች ብቻ ነበሩት።

ከሳንቲም እስከ ድምፅ ማጉያ

ሜይ ክሩን የሚመታው በፕላስቲክ ፒክ ሳይሆን በቀድሞው የእንግሊዝ ስድስት ፔንስ ሳንቲም ነው። ሳንቲሙ አይታጠፍም፤ ስለዚህ የጣቶቹ እንቅስቃሴ ሳይዳከም ክሩ ላይ ያርፋል። ጠርዙ ጥርስ ስላለው ደግሞ ዘንበል አድርጎ ሲመታው የኖታው መነሻ ሻካራ፣ ከተነባቢ ፊደል ጋር የሚመሳሰል ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ክሮቹ በጣም ቀጫጭን ናቸው።

አምፕሊፋየሩ በቫልቭ፣ ማለትም በቫኪዩም ቱቦ፣ የሚሠራው ቮክስ ኤሲ 30 ነው። ሜይ ወደ እሱ የመጣው በወጣትነቱ የአየርላንዱን ጊታሪስት ሮሪ ጋላገርን አግኝቶ የድምፁን ምስጢር ከጠየቀው በኋላ ነው፤ የጋላገር መልስም ኤሲ 30 እና ሬንጅማስተር የተባለ ቀጭን ድምፅ ማጠናከሪያ ትንሽ ሣጥን ነበር። ሜይ አምፕሊፋየሩን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ማጠናከሪያውን ከፊቱ ያስቀድማል። ማጠናከሪያው የላይኛውን ቃና አጉልቶ ቫልቮቹን ከአቅማቸው በላይ ሲገፋቸው፣ ቫልቮቹ ሞገዱን ይጨፈልቁትና ሞቅ ያለ፣ ረጅም ድምፅ ይፈጠራል። በዚህ አሠራር የመሣሪያው መሪ ጊታሩ ላይ ያለው የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ ይሆናል፤ በጣቱ ትንሽ ሲቀንሰው ድምፁ ይጠራል፣ ሲጨምረው ይቆጣል። ኋላ ላይ ማጠናከሪያዎቹን የሠራለት ፒት ኮርኒሽ የተባለው እንግሊዛዊ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ነው።

በመድረክ ላይ የሚታወቀው ሌላው ዘዴ ድምፅን በቴፕ አዘግይቶ መልሶ የሚያሰማው ኤኮፕሌክስ ነው። በ1974 ‹‹ሺር ሃርት አታክ›› አልበም በወጣው ‹‹ብራይተን ሮክ›› ውስጥ ያለው ሶሎ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ሜይ የዘገየውን ድምፅ እንደ ተራ ማስተጋቢያ አልተጠቀመበትም፤ አንድ ሐረግ ተጫውቶ ሐረጉ ሲመለስ የሚስማማውን ሁለተኛ፣ ከዚያም ሦስተኛ ሐረግ ይጨምርበታል። እያንዳንዱን ድግግሞሽ ወደ ተለየ አምፕሊፋየር ስለሚልከው ድምፆቹ ሳይደባለቁ አንድ ሰው ብቻውን ሦስት ጊታሪስት ይሆናል።

የጊታር ኦርኬስትራ

በስቱዲዮ ውስጥ የሜይ ዋና አስተዋጽኦ ጊታርን እንደ ኦርኬስትራ ማቀነባበሩ ነው። ኮርድ ከመምታት ይልቅ እያንዳንዱን የሃርመኒ መስመር ለየብቻ ተጫውቶ በተለያየ የቴፕ መስመር ይቀርጻል፤ መስመሮቹ ሲደራረቡ እንደ ቫዮሊን ወይም እንደ ነሐስ ትንፋሽ መሣሪያዎች ክፍል ይደመጣሉ። ለዚህ የረዳው ጆን ዲከን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከቆሻሻ መጣያ ባገኘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የሠራው ትንሽ አምፕሊፋየር ነው። ‹‹ዲኪ አምፕ›› የሚባለው ይህ መሣሪያ በመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ በሚቀመጥ የድምፅ ማጉያ ሣጥን ውስጥ የተገጠመ፣ በባትሪ የሚሠራና ምንም መቆጣጠሪያ የሌለው ነው። ኃይሉ ጥቂት ቢሆንም፣ ድምፁ የትንፋሽ መሣሪያን ልስላሴ ይይዛል። በ1974 የተሰማው ‹‹ፕሮሴሽን›› እና በ1975 ‹‹ኤ ናይት አት ዚ ኦፕራ›› ውስጥ ያለው ‹‹ጉድ ካምፓኒ›› የዚህ ጥበብ ምሳሌዎች ናቸው። በኋለኛው ዜማ ሜይ የቀድሞ ጃዝ ባንድን ክላርኔት፣ ትራምፔትና ትሮምቦን በጊታር ብቻ፣ አንዳንዴም ኖታ በኖታ እየቀረጸ አስመስሏል። ክዊን በ1970ዎቹ አልበሞቹ ሽፋን ላይ ሲንተሳይዘር አለመጠቀሙን ይጽፍ የነበረው አድማጩ ድምፆቹ ከጊታርና ከሰው ጉሮሮ መምጣታቸውን እንዲያውቅ ነው፤ ሲንተሳይዘር የገባው በ1980 በወጣው ‹‹ዘ ጌም›› ነው።

ለጊታሩ ታማኝ ቢሆንም ዘፈኑ ሌላ ድምፅ ሲጠይቅ ለውጧል። በ1979 በተቀረጸው ‹‹ክሬዚ ሊትል ቲንግ ኮልድ ላቭ›› ውስጥ ያለው ሶሎ የ1950ዎቹን የሮክ ኤንድ ሮል ቃና ስለሚፈልግ የተጫወተው በፌንደር ቴሌካስተር ነው።

ሜይ በደራሲነቱም ከባንዱ ምሰሶዎች አንዱ ነው። በ1977 የጻፈው ‹‹ዊ ዊል ሮክ ዩ›› በእግር ምትና በጭብጨባ ላይ ብቻ ቆሞ ጊታሩ እስከ መጨረሻው ዘግይቶ ይገባል። ጥቂት ሰዎች ያሰሙት ምት የብዙ ሕዝብ መስሎ እንዲደመጥ ሜይ ድግግሞሾቹን በብቸኛ ቁጥሮች ምጥጥን አዘገያቸው፤ መዘግየቶቹ እርስ በርስ ስለማይገጥሙ ጆሮ የሚሰማው ማስተጋባት ሳይሆን በስፋት የቆመ ሕዝብ ነው።

ከዌምብሌ እስከ ቤተ መንግሥት ጣራ

ክዊን በመድረክ ያሳየው ብቃት ከሁሉ ይልቅ የሚታወሰው ጁላይ 13 ቀን 1985 በለንደን ዌምብሌ ስታዲየም በተካሄደው ላይቭ ኤይድ ነው። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ያስተባበሩት ኮንሰርት ዓላማ በኢትዮጵያ በረሃብ ለተጎዳው ሕዝብ ገንዘብ ማሰባሰብ ነበር። ባንዱ በ20 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ የታወቁ ዘፈኖቹን አቀናጅቶ አቀረበ። ሜይና ሜርኩሪ ምሽት ላይ ሁለቱ ብቻ ተመልሰው በአኩስቲክ ጊታር የተጫወቱት ዘፈን ስለ ድህነትና ስለ ረሃብ የሚናገር መሆኑም ከዝግጅቱ መንፈስ ጋር የተስማማ ነበር።

ሜርኩሪ ኖቬምበር 24 ቀን 1991 ካረፈ በኋላ ሜይ በግሉ አልበሞች አውጥቷል፤ ከሮጀር ቴይለር ጋርም መጀመሪያ ከፖል ሮጀርስ፣ በኋላ ከአዳም ላምበርት ጋር በመሆን የክዊንን ዘፈኖች በመድረክ ማቅረቡን ቀጥሏል። ጁን 3 ቀን 2002 በንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛ የንግሥና 50ኛ ዓመት በዓል ላይ በበኪንግሃም ቤተ መንግሥት ጣራ ላይ ቆሞ ብሔራዊ መዝሙሩን በሬድ ስፔሻል ተጫውቷል።

ሳይንስና ቅርስ

ሜይ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተወውን የዶክትሬት ጥናት ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ በኢምፔሪያል ኮሌጅ አጠናቅቆ በ2007 ዲግሪውን አገኘ። ጥናቱ በሥርዓተ ፀሐይ ጠለል ላይ ተበትኖ የፀሐይን ብርሃን የሚያንጸባርቀውን አቧራ ፍጥነት የሚመለከት ነው። በ2023 የናይትነት ማዕረግ ተሰጥቶታል።

ሬድ ስፔሻል በ1998 በአውስትራሊያዊው ጊታር ሠሪ ግሬግ ፍራየር እጅ ታድሷል፤ አምሳያዎቹም በገበያ ይሸጣሉ። የጊታሩ ንድፍ በሌሎች እጅ ሊገለበጥ ችሏል፤ ድምፁ ግን ከሳንቲሙ፣ ከማጠናከሪያውና ከቫልቩ አምፕሊፋየር ጋር ተጣምሮ በባለቤቱ ጣቶች ላይ የቆመ ነው። የሜይ ታሪክ ለሙዚቃ መሣሪያ ጥናት የሚያበረክተው ትምህርትም ከዚህ ይመነጫል፤ የአንድን ተጫዋች ድምፅ ለመረዳት ዕቃዎቹን ዘርዝሮ ማወቅ አይበቃም፣ እያንዳንዱ ዕቃ ለየትኛው ጥያቄ መልስ ሆኖ እንደተመረጠና ከሌሎቹ ጋር እንዴት እንደሚሠራ መመርመር ያስፈልጋል።